ትልቅ ቲቪ ልትገዙ ነው? ከኤልኢዲ፣ ከኪውሌድና ከኦሌድ የቱን እንደምትመርጡ

በዓል ሊደርስ ሲል ስልኬ በአንድ ጥያቄ ይጨናነቃል። «ትልቅ ቲቪ ልገዛ ነው፤ ኪውሌድ ይሻላል ወይስ ኦሌድ?» ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከወልዲያም የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ መመለስ ስለሰለቸኝ እዚህ በቅደም ተከተል ጻፍኩት። ዋጋ አልጠቀስኩም፤ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ነገ አይሠራም።

ሱቅ ገብቶ መምረጥ የመጨረሻው ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ሳሎናችሁን፣ መብራታችሁንና እንግዶቻችሁን ማየት አለባችሁ። ደሴ ውስጥ ጥሩ የሆነው ቲቪ ሌላ ቦታ ጥሩ ከተባለው ሊለይ ይችላል፤ ምክንያቱን እየሄድን እናየዋለን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሜትር፣ እስክሪብቶና ወረቀት
- አሮጌ ካርቶን ወይም ጋዜጣና ፕላስተር
- ፍላሽ። በውስጡ ሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ ነጭና ሙሉ ግራጫ ፎቶ፣ የ2 ደቂቃ ኳስ፣ ጨለማ የበዛበት የፊልም ትዕይንት፣ አንድ የ4ኬ (ጥራቱ በጣም ከፍ ያለ) ቪዲዮ፣ እንዲሁም ጥራቱ ዝቅ ያለ ተራ የቲቪ ቅጂ ጫኑ
- ኢንተርኔት ያለው ስልክ
- መብራት ከፍ ሲል የሚቆርጥ መከላከያ ወይም ስታብላይዘር (ደረጃ 7 ላይ እንለያለን)
- ለማጓጓዝ አንድ ረዳት ሰው

ደረጃ 1፦ ርቀቱን ለኩ

ከመቀመጫችሁ እስከ ቲቪው ግድግዳ ድረስ በሴንቲሜትር ለኩና ለ4 አካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር ለፊልም የሚመቸው ኢንች ነው። 2 ሜትር ከ20 ከሆነ 55 ኢንች፣ 2 ሜትር ከ60 ከሆነ 65 ኢንች፣ 3 ሜትር ከሆነ 75 ኢንች ይመጣል። የምታዩት በአብዛኛው የዲሽ ቻናል ከሆነ ግን አንድ መጠን ዝቅ በሉ። ጥራቱ ዝቅ ያለ ምስል በትልቅ ስክሪን ላይ በቅርብ ሲታይ ይደበዝዛል፤ ጥፋቱ የቲቪው ባይሆንም የሚያየው ዓይናችሁ ነው።

ቀጥሎ ቦታው ይበቃ እንደሆነ እዩ። ኢንች የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው። 43 ኢንች ወርዱ 95 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ 54 ገደማ ነው። 55 ኢንች 122 በ69፣ 65 ኢንች 144 በ81፣ 75 ኢንች 166 በ93 ይሆናል። ካርቶኑን በዚህ ልክ ቆርጣችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉና አንድ ምሽት ተቀምጣችሁ እዩት። ሱቅ ውስጥ ትንሽ የመሰለው 65 ኢንች ቤት ሲገባ ግድግዳውን ሊውጠው ይችላል።

የቡፌውንም ርዝመት ለኩ። ብዙ ትልልቅ ቲቪዎች እግራቸው መሐል ላይ አይደለም፤ ዳርና ዳር ነው። 55 ኢንች ገዝቶ እግሩ ከቡፌው የሚወጣበት ሰው ብዙ ነው። ግድግዳ ላይ ልስቀል የምትሉ ደግሞ ግድግዳው ምን እንደሆነ እወቁ። የጭቃ ግድግዳ ላይ ብራኬት በተራ ቡሎን ብትመቱ 15 እና 20 ኪሎ የሚመዝነውን ቲቪ አይሸከምም። ወይ ከእንጨቱ ምሰሶ ጋር እሰሩት፣ ወይ ቡፌ ላይ አስቀምጡት።

ደረጃ 2፦ ማን የት እንደሚቀመጥ አስቡ

ይህን ደረጃ ሁሉም ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምመዝነው ይህንን ነው።

የወሎ ሳሎን እንዴት እንደሚሞላ ታውቃላችሁ። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ ሰው በሦስቱም ግድግዳ ይደረደራል። መሐል ፊት ለፊት የሚቀመጡት ሁለት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሌላው ሁሉ የሚያየው ከጎን ነው። መጅሊስ ያነጠፋችሁ ከሆነ ደግሞ የሚታየው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ቲቪው ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ይብሳል። አንዳንዱ ስክሪን ከጎን ወይም ከታች ሲያዩት ቀለሙ ይነጣል፤ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። ስለዚህ ከመቀመጫዎቹ ስንቶቹ ጎን ላይ እንደሆኑ ወረቀት ላይ ጻፉ። ምርጫውን የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው።

ከዚያ መስኮቱን እዩ። ከሰዓት ፀሐይ ስክሪኑ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ድምቀቱ ከፍ ያለ ቲቪ ያስፈልጋችኋል። መጋረጃ የሚዘጋ፣ ማታ ማታ ብቻ የሚታይበት ቤት ከሆነ ድምቀት ያን ያህል አያሳስብም።

ደረጃ 3፦ ዓይነቶቹን ለዩ

ካርቶን ላይ የሚጻፈው ስም ብዙ ነው፤ መሠረቱ ግን ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው ከኋላው መብራት የሚፈልግ ስክሪን ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ የሚያበራበት ነው።

ኤልኢዲ የሚባለው የመጀመሪያው ነው። ስክሪኑ ኤልሲዲ ነው፤ ኤልኢዲ የሚባለው ከኋላው ያለው መብራት ነው። ፋኖስ ከመጋረጃ ጀርባ እንደማስቀመጥ ነው፤ መጋረጃው የቱንም ያህል ቢዘጋ ትንሽ ብርሃን ያልፋል። ጥቁሩ ሙሉ ጥቁር የማይሆነው ለዚህ ነው። የዚህ ስክሪን ሁለት ዓይነት ፓኔል (ምስሉን የሚያሳየው መስታወት) አለ፦

- ቪኤ፦ ፊት ለፊት ሲታይ ጥቁሩ ጥሩ ነው። ከጎን ሲታይ ይነጣል።
- አይፒኤስ፦ ከጎንም ከታችም ቀለሙን ይጠብቃል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ግን ጥቁሩ ግራጫ ይመስላል።

ሻጩ ይህን ብዙ ጊዜ አያውቀውም፤ ካርቶኑም አይጽፈውም። ደረጃ 5 ላይ ራሳችሁ ትለዩታላችሁ።

ኪውሌድ ያው ኤልኢዲ ነው። ልዩነቱ ቀለሙን የሚያደምቅ ኳንተም ዶት የሚባል ስስ ንጣፍ ስለተጨመረበት ነው። ቀለሙ ያምራል። ነገር ግን ኪውሌድ ስለተባለ ብቻ ጥቁሩ አይሻሻልም። ጥቁሩን የሚያሻሽለው የኋላ መብራቱ በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ ጨለማ ቦታ ላይ ራሱን የሚያደበዝዝ ከሆነ ነው፤ ሎካል ዲሚንግ ይሉታል። ርካሽ ኪውሌድ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ የለም።

ሚኒ ኤልኢዲ ደግሞ የኋላ መብራቶቹ በጣም ትንንሽና በጣም ብዙ የሆኑበት ነው። ድምቀቱ ከፍተኛ ነው፤ ጥቁሩም ጥሩ ነው። ዋጋውም እንዲሁ ከፍ ያለ ነው።

ኦሌድ ሁለተኛው መሠረት ነው። የኋላ መብራት የለውም፤ ጥቁር ማለት ነጥቡ ጠፋ ማለት ነው። ከጎንም ጥሩ ይታያል። ምስሉን በተመለከተ የሚወዳደረው የለም። ችግሩ ሌላ ነው። አንድ ያልተንቀሳቀሰ ነገር፣ የቻናል ምልክት ወይም ከሥር የሚሄደው የዜና መስመር፣ ለብዙ ሰዓት በየቀኑ እዚያው ሲቆይ ነጥቦቹ እኩል አያረጁም። ከጊዜ በኋላ የምልክቱ ጥላ ስክሪኑ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ አይለቅም።

ኦሌድ ይህን ለመቀነስ ራሱን የሚያስተካክልበት መንገድ አለው። ብዙዎቹ በድምሩ ለአራት ሰዓት ያህል ከታዩ በኋላ በሪሞት ሲጠፉ፣ ሶኬት ላይ እንዳሉ ለጥቂት ደቂቃ ስክሪናቸውን ያስተካክላሉ። እኛ ቤት ደግሞ ማታ ምን ይደረጋል? ዲቫይደሩ ይዘጋል። ወይም መብራት ይሄዳል። ያ ማስተካከያ ሳይሠራ ወራት ያልፋሉ ማለት ነው። ኦሌድን ለሁሉም ሰው የማልመክረው ለዚህ ነው።

ፕላዝማ አዲስ የለም፤ ትልልቆቹ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2014 ገደማ ማምረት አቁመዋል። ያገለገለ ግን ይሸጣል፤ በኢንቹ ሲታይም ርካሽ ነው። ደሴ ላይ አትግዙ። ከተማው ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የፕላዝማ መስታወት ውስጥ የታሸገ ጋዝ አለ፤ የውጭው አየር ሲሳሳ ግፊቱ ስለሚለያይ ስክሪኑ እንደ ንብ ይጮኻል። በዚያ ላይ መብራት ይበላል፣ ይሞቃል፣ መለዋወጫ የለውም።

ደረጃ 4፦ ከሱቅ በፊት ምርጫውን አጥብቡ

እኔ እንዲህ ነው የማካፍለው፦

ሰው በሦስት ግድግዳ የሚቀመጥበት፣ ቀኑን ሙሉ የዲሽ ቻናል የሚከፈትበት ቤት ከሆነ አይፒኤስ ፓኔል ያለው 4ኬ ኤልኢዲ። የወሎ ሳሎን አብዛኛው እዚህ ነው።

ቤተሰቡ ትንሽ፣ መቀመጫው ፊት ለፊት፣ የሚታየውም ማታ ፊልም ከሆነ ቪኤ፤ ኪስ ከፈቀደ ሎካል ዲሚንግ ያለው ኪውሌድ።

ኮምቦልቻ ሰፊ መስኮት ያለው ሳሎን፣ ወይም ኳስ የሚታይበት ካፌ ከሆነ ደማቅ ኪውሌድ ወይም ሚኒ ኤልኢዲ። ለካፌ ኦሌድ በፍጹም አይሆንም። የግጥሚያው ውጤት የሚጻፍባት ሳጥን በየሳምንቱ እዚያው ጥግ ላይ ነው የምትቆየው።

ኦሌድ የሚስማማው ዜና እየከፈተ የማይውል፣ ፊልም ወዳድ፣ መብራቱም ደህና ለሆነ ሰው ነው። እናንተ እንደዚያ ከሆናችሁ አብሽሩ፣ ግዙት፤ ትደሰቱበታላችሁ።

ደረጃ 5፦ ሱቅ ውስጥ ፈትኑ

ሱቅ ውስጥ የሚዞረው ማስታወቂያ ቪዲዮ ቲቪውን ለማሳመር የተሠራ ነው። አበባና ፏፏቴ በየትኛውም ቲቪ ላይ ያምራል። ስለዚህ «ወንድሜ፣ ይችን ፍላሽ ልሰካባት» በሉ። ሻጩ እምቢ ካላችሁ ሌላ ሱቅ አለ።

መጀመሪያ የምስሉን ዓይነት ከቪቪድ ወይም ከዳይናሚክ አውጥታችሁ ወደ ስታንዳርድ ወይም ሲኒማ ቀይሩት። አለበለዚያ የምታወዳድሩት ማቅለሚያውን ነው። ከዚያ፦

ሀ. ጥቁሩን ፎቶ ክፈቱ። ከተቻለ የሱቁን መብራት አስቀንሱ፤ ካልተቻለ በእጃችሁ ከልሉና ጥጎቹን እዩ። ከጥግ የሚወጣ ነጭ ብርሃን ካለ ማታ ማታ ፊልም ስታዩ ያናድዳችኋል።

ለ. ነጩንና ግራጫውን ክፈቱ። ጥቁር የሞተ ነጥብ፣ ቆሻሻ የመሰለ ጥላ፣ ወይም ክብ ክብ ነጭ ነጠብጣብ ፈልጉ። ነጠብጣቡ ያገለገለ ኤልኢዲ ላይ ብዙ ይታያል፤ ከኋላ መብራቱ ላይ ያለችው ትንሽ ሌንስ ስትወድቅ የሚመጣ ነው። ያገለገለ ኦሌድ ከሆነ ግራጫው ላይ የቻናል ምልክት ጥላ እንዳለ ጥጎቹን በደንብ መርምሩ።

ሐ. የሰው ፊት ያለበት ምስል ላይ አቁሙና ወደ ጎን ሂዱ። ቤት ጻፍ ያደረጋችሁት የጎን መቀመጫ ያለበት ማዕዘን ድረስ ሂዱ። ከዚያ ቁጢጥ ብላችሁ ከታች እዩ። ፊቱ ከነጣ ቪኤ ነው፤ ካልተለወጠ አይፒኤስ ወይም ኦሌድ ነው። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ።

መ. ኳሱን ክፈቱ። ኳሷ ረጅም ቅብብል ላይ ጭራ ካወጣች ስክሪኑ ቀርፋፋ ነው። ካርቶኑ ላይ ትልቅ የሞሽን ቁጥር ቢጻፍም አትመኑት። ዋናው የፓኔሉ ትክክለኛ ኸርዝ (ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ) ነው፤ አብዛኛው 60፣ የተሻለው 120 ነው።

ሠ. ተራውን የቲቪ ቅጂ ክፈቱ። ቤት በየቀኑ የምታዩት ይህንን ነው። ሁለት ቲቪዎች 4ኬ ላይ እኩል ሆነው እዚህ ላይ በጣም ይለያያሉ፤ ዝቅተኛውን ምስል አሳድጎ የማሳየት ችሎታቸው እኩል ስላልሆነ ነው።

ረ. የ4ኬ ቪዲዮውን ክፈቱና ተጠግታችሁ ጠጉርን ወይም ትንንሽ ጽሑፍን እዩ። እዚህ ላይ ፎቶ አይሆንም፤ አንዳንዱ ቲቪ ፎቶን አሳንሶ ነው የሚያሳየው።

በመጨረሻ ከጀርባው ያለውን የሞዴል ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አመሳክሩ። ከዚያ በስልካችሁ አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት። 4ኬ ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ግን ዝቅ ያለ ፓኔል የሆነ ፎርጅድ ገበያው ላይ አለ። የሞዴል ቁጥሩ የትም ካልተገኘ ተዉት።

ደረጃ 6፦ በጥንቃቄ አምጡት

ቲቪ የሚጓዘው ቆሞ ነው። ከተኛ ስስ የሆነው ስክሪን መሐሉ ላይ ይንገጫገጫል፤ አንድ ጉድጓድ ይበቃዋል። ከአዲስ አበባ በታርማ በር፣ በከሚሴ አድርጎ ደሴ እስኪደርስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ማስተኛት ማለት እድልን መሞከር ነው። ካርቶኑን በሁለት ፍራሽ ወይም በሁለት መቀመጫ መሐል አቁሙት፤ ላዩ ላይ ምንም አይጫን። ስትሸከሙት ከሥርና ከዳር ያዙ። በአውራ ጣት ስክሪኑን መጫን ብቻውን ይሰብረዋል፤ የተሰበረ ፓኔል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መጠገኛው ከአዲስ ቲቪ ብዙም አይርቅም።

ከብርድ ወደ ሙቀት ካመጣችሁት፣ ለምሳሌ ሌሊት ከደሴ ተነስቶ ኮምቦልቻ ሲገባ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ሳትከፍቱት አቆዩት። ውስጡ የሚፈጠረው ጤዛ ሳይደርቅ መብራት ካገኘው ሰሌዳውን ያበላሻል።

ደረጃ 7፦ መብራቱን አስተካክሉ

ከቲቪው ጀርባ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። «100–240» ቮልት ከሆነ መብራት ሲያንስ ብዙም አይጎዳውም፤ የሚያስፈልጋችሁ መብራት ከልክ ሲያልፍ የሚቆርጥና ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ የሚያዘገይ መከላከያ ነው። «220–240» ብቻ ከሆነ ስታብላይዘር ውሰዱ፤ ዋቱ ከቲቪው ዋት ቢያንስ በግማሽ ይብለጥ። መብራት ተመልሶ ሲመጣ የመጀመሪያዋ ቅጽበት ላይ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ቲቪ የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው።

ዘመድ ከውጭ የላከላችሁ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ሳታዩ አትሰኩት። ከአሜሪካ የመጣ «120» ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ወዲያው ይቃጠላል። ከዓረብ አገር የሚመጣው ብዙ ጊዜ በመብራቱ ይስማማል፤ መሰኪያው ግን ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆነ ጠንካራ አዳፕተር ግዙ፤ የላላ አዳፕተር ይሞቃል።

ደረጃ 8፦ ድምቀቱን ቀንሱ

ኤልኢዲ ሲገዛ ባክላይቱ (የኋላ መብራቱ) ብዙ ጊዜ 100 ላይ ተደርጎ ነው። ለቤት ከ60 እስከ 70 ይበቃል። የኤልኢዲ ቲቪ የተለመደው ብልሽት የኋላ መብራቱ መቃጠል ነው፤ ድምፅ አለ፣ ምስል የለም። ድምቀቱን መቀነስ ዕድሜውን ያረዝመዋል። ሻርፕነሱንም (የምስሉን ጠርዝ የሚያጎላውን) ዝቅ አድርጉት፤ ሲበዛ የዲሽ ምስል ላይ ጠርዙ ሁሉ ይሻክራል።

ማስጠንቀቂያ

- ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር የመብራቱን ሶኬት ብቻ መንቀል አይበቃም። ከሪሲቨሩ ላይ የዲሹንም ገመድ ንቀሉ። መብረቅ በዲሽ ገመድ ገብቶ ሪሲቨሩን ከቲቪው በሚያገናኘው በኤችዲኤምአይ ገመድ በኩል ቲቪውን ያገኘዋል።
- ኦሌድ ከሆነ በዘወትር ቀን በሪሞት አጥፍታችሁ ከ15 ደቂቃ በኋላ ንቀሉ። ነጎድጓድ ካለ ግን አትጠብቁ።
- የከሰል ምድጃውንና የዕጣን ማጨሻውን ከቲቪው ሥር አርቁ። ሙቀቱና ጥላሸቱ በጀርባው ቀዳዳ ይገባል።
- ስክሪኑን በአልኮል፣ በሳሙና ወይም በመስታወት ማጽጃ አትጥረጉ። ቲቪው ጠፍቶ፣ ለስላሳ ጨርቅ በጥቂቱ በውሃ አርጥባችሁ፣ ሳትጫኑ።
- ጀርባውን ራሳችሁ አትክፈቱ፤ ሶኬቱ ቢነቀልም ውስጡ መብራት የያዘ ክፍል አለ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

ትልቅ ኢንች ለማግኘት ሲሉ የፓኔሉን ጥራት መተው። 65 ኢንች ደካማ ቲቪ ከ55 ኢንች ጥሩ ቲቪ ይልቅ ጉድለቱን አጉልቶ ያሳያችኋል።

8ኬ መግዛት። የሚታይበት ነገር ብዙም የለም፤ አብዛኞቹ የዲሽ ቻናሎቻችን ገና 4ኬም አልደረሱም።

ገንዘቡን ሁሉ ቲቪው ላይ ጨርሶ ለመከላከያው «በሚቀጥለው ወር» ማለት። አብራችሁ ግዙ፤ ካልበቃ ከቲቪው አንድ ደረጃ ዝቅ በሉ።

ካርቶኑን መጣል። ዋስትናው እስኪያልቅ አስቀምጡት። ብዙ ሱቅ ያለ ካርቶንና ያለ ደረሰኝ አይቀይርም፤ ለጥገና ሲሄድም ቆሞ የሚጓዘው በእሱ ነው።